ባንጃር፦ መሬት ለእንግዳ የማይሸጥበት ሸለቆ

ወደ ባንጃር የመጣ እንግዳ ሁለት ሌሊት ካደረ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «እዚህ መሬት ስንት ይሸጣል?» ከዴልሂ የመጣው ይጠይቃል። ከሙምባይ የመጣው ይጠይቃል። አይፈረድበትም። ከመስኮቱ ሥር የፖም ዛፍ አለ። ከፖሙ በታች ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ደን የለበሰ ተራራ ቆሟል። ጠዋት ተነስቶ ይህን ያየ ሰው አንድ ጥግ የራሱ ቢሆን መመኘቱ አይቀርም።

መልሱ ግን ሁሌም ያው ነው። ለእርስዎ አይሸጥም።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ መልስ ነው። ስለ ቲርታን ወንዝና ስለ ጂቢ ፏፏቴ ብዙ ተጽፏል፣ ፎቶውም ሞልቷል። እኔን ከዚያ ሁሉ በላይ የገረመኝ መሬቱ እስከ ዛሬ በገበሬው እጅ መቆየቱ ነው።

ባንጃር የት እንደሆነ ላስቀድም። ሰሜን ሕንድ፣ ሂማቻል ፕራዴሽ በሚባለው ግዛት፣ ኩሉ አውራጃ ውስጥ ነው። ከተማዋ ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ወረዳ ግን ሰፊ ነው፤ መንደሮቹ በተራራው ወገብ ላይ ተበታትነዋል። እኔ ያወቅኩት ፑንጃብ ስማር ነው። ፑንጃብ በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ዶርም ውስጥ እንቅልፍ የለም። አንድ የክፍሌ ልጅ ቤተሰቦቹ በዚያው ወረዳ፣ ከጉሻይኒ በላይ ባለ መንደር ይኖራሉ። «እኛ ቤት ና» አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ እረፍት በመጣ ቁጥር ጓዜን ጠቅልዬ ወደዚያ ነው። ትምህርቴን ከጨረስኩ በኋላም አልተውኩትም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከዴልሂ ማታ ወደ ማናሊ የሚሄደውን አውቶቡስ ትይዛለህ። ሌሊቱን ሙሉ ትሄዳለህ። ንጋት ላይ የቢያስ ወንዝ ከጎንህ ይመጣል። ኦት የሚባለው ቦታ ላይ፣ ረጅሙ የመኪና ዋሻ አጠገብ ትወርዳለህ። አብዛኛው ተሳፋሪ ወደ ማናሊ ይቀጥላል። አንተ ሻይ ትጠጣና የአገሬውን አውቶቡስ ትጠብቃለህ። ላርጂ ግድብ ጋ ስትደርስ የቲርታን ውኃ ከቢያስ ሲቀላቀል ታያለህ። ከዚያ በኋላ ሸለቆው ይጠብባል፣ ገደሉም ይጠጋል።

ይህ አውቶቡስ ሰው ብቻ አይጭንም። የጋዝ ሲሊንደር ይጭናል። የፖም ችግኝ ይጭናል። ለአንድ ሱቅ የተላከ መድኃኒት ረዳቱ ኪስ ውስጥ ይሄዳል። የመጨረሻው ካመለጠህ ባንጃር ታድራለህ ወይም ለታክሲ ትከፍላለህ፤ የታክሲው ዋጋ ደግሞ ለገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ሰው ይጨናነቃል። ያ መጨናነቅ ምን እንደሚያስከትል ሸለቆው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 (የሕንዱን ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኩሉ ተነስቶ ወደ ጋዳ ጉሻይኒ ይሄድ የነበረ አውቶቡስ ባንጃር አቅራቢያ ገደል ገባ። ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከመጫን አቅሙ በላይ ሰው ይዞ ነበር። ዛሬም ያ ኩርባ ጋ ሲደርሱ ትልልቆቹ ሴቶች እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ያነሳሉ። ወጣቶቹም ለጊዜው ወሬያቸውን ያቆማሉ።

አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ እግር አለ። ጓደኛዬ ቤት ለመድረስ ሽቅብ መውጣት ነው፣ ለለመደ ሰው አጭር፣ ላልለመደ ደረት የሚበጥስ። ቲርታን ዳር ያሉ አንዳንድ ቤቶች ደግሞ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሽቦ ላይ በተንጠለጠለች ቅርጫት ተቀምጠህ በገመድ እየተጎተትክ ትሻገራለህ። ለጎብኚ መዝናኛ ነው። ለባለቤቱ ግን ሲሚንቶውም፣ ዱቄቱም፣ የታመመ ልጁም የሚሻገረው በዚያችው ቅርጫት ነው።

እዚህ አገር የንብረትን ዋጋ የሚቆርጠው ይህ ነው። ከመንገድ ምን ያህል ትርቃለህ? መኪና የሚደርስበት ማሳ ያለው ሰው ፖሙን በቀጥታ ፒክአፕ ላይ ይጭናል። ሽቅብ ያለው ሰው ግን ሳጥኑን በጀርባው ወይም በበቅሎ ማውረድ አለበት። አንድ ዓይነት ዛፍ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ ነው፣ ኪስ ውስጥ የሚቀረው ግን አንድ አይደለም። በሕመም ጊዜ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ በላይ ነው። መንገድ በሌለበት መንደር በሽተኛ ወንበር ላይ ታስሮ በሰው ትከሻ ይወርዳል። ከዚያ ባንጃር፣ ከባሰም ኩሉ፣ ከዚያም ከባሰ ቻንዲጋር። በክረምት በረዶ ሲወርድ፣ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የጃሎሪ ማለፊያ ሲዘጋ፣ ወደ ግዛቱ ዋና ከተማ ወደ ሺምላ በዚያ በኩል ያለው መንገድ ጨርሶ ይቆረጣል። ስለዚህ «መንገድ መንደሩን ያበላሸዋል» የሚል ጎብኚ ስሰማ አዝናለሁ። እሱ በወንበር ታስሮ አልወረደም።

ስለ ቤቶቹ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ንብረት ሲባል እዚህ መጀመሪያ ቤት ነው። የድሮው ቤት ካትኩኒ በሚባለው አሠራር የቆመ ነው። አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ የዲዮዳር ግንድ፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና ግንድ። ጭቃም ሲሚንቶም በመሃል የለም። ዲዮዳር የአርዝ ዛፍ ነው፤ ዘይት ስላለው ምስጥም እርጥበትም ቶሎ አይደፍረውም። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው አብሮ ይወዛወዝና መልሶ ይቀመጣል። ከባንጃር ብዙም ሳይርቅ ቼህኒ መንደር ውስጥ በዚህ አሠራር የተሠራ ግንብ አለ። ከ1905ቱ የካንግራ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት ከአሁኑም ይረዝም ነበር ይባላል። የላይኛው ክፍል ቢፈርስም ቀሪው ዛሬም እንደቆመ ነው።

የጓደኛዬ ቤት ምድር ቤቱ ጋጣ ነው። ላሞቹ ከታች ሲተነፍሱ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል። መካከለኛው ፎቅ እህል ይቀመጥበታል። ቤተሰቡ ላይኛው ፎቅ ላይ ይኖራል፣ ከፊት ለፊቱ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ሰገነት አለው። ክፍሉ መሃል የብረት ምድጃ ተቀምጧል። በክረምት ሕይወት ሁሉ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ነው። እናትየው ሲዱ የሚባለውን በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ውስጡን በዋልነት ሞልተው፣ ቅቤ አፍስሰውበት ያቀርባሉ። አባትየው የካናቢስ ግንድ ቃጫ እየፈተሉ ለቤት ውስጥ ጫማ የሚሆን ገመድ ይሠራሉ። ቻቻ ጂ ነው የምላቸው፣ የአባት ወንድምን በአክብሮት እንደሚጠሩት።

«አሁን እንዲህ ያለ ቤት መሥራት እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቀኝ» አሉኝ አንድ ምሽት። ጠየቅኳቸው። «አልችልም» አሉ።

ምክንያቱ እንጨቱ ነው። በእንግሊዞች ዘመን፣ 1880ዎቹ ውስጥ፣ የኩሉ ደን ሲከለል መንደርተኛው ለቤት መሥሪያ ዛፍ በትንሽ ክፍያ የማግኘት መብት ተጽፎለት ነበር። መብቱ ከማሳው ጋር የተያያዘ ነበር፤ መሬት ያለው ሰው የደን ድርሻም አለው ማለት ነው። ዛሬ ያ መብት በጣም ጠቧል። ደኑም ተመናምኗል። አንድ ዛፍ ለማግኘት ብዙ ዓመት መጠበቅ አለ። ሲሚንቶና ብረት ግን ብር ካለ በሳምንቱ ይመጣል። ስለዚህ አዲሱ ቤት ሁሉ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆነ። በክረምት ይበርዳል። ቢሆንም አያስጠብቅም።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እሳት። የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው ነው የሚሠሩት። ደረቅ ሣርና ማገዶ ከቤቱ ሥር ይከማቻል። አንዱ ከተነሳ ሌላው አይተርፍም። ኮትላ የሚባለው ጥንታዊ መንደር በ2015 ተቃጠለ። በጥር 1 ቀን 2025 ደግሞ ጂቢ አካባቢ ታንዲ የተባለው መንደር ተቃጥሎ 17 ያህል ቤቶች ወደሙ። የእሳት አደጋ መኪና ቢጠራ እንኳ ጠባቡን መንገድ ይወጣል ወይ? ውኃውስ ከየት ይምጣ? ቤቱ የጠፋበት ሰው ደግሞ የሚያጣው ቤት ብቻ አይደለም። የዓመቱ እህል፣ የከብቱ መኖ፣ የልጅቷ ጥሎሽ፣ የመሬቱ ወረቀት፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ስለዚህ ካትኩኒ እየጠፋ ነው ብለን ስናዝን ይህንንም አብረን እናስብ።

አሁን ወደ መሬቱ።

ሂማቻል ሙሉ ግዛት የሆነው በ1971 ነው። በሚቀጥለው ዓመት የመሬት ማሻሻያ ሕግ ወጣ። በውስጡ አንቀጽ 118 የሚባል አለ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ቁጥሩን ያውቀዋል። ገበሬ ያልሆነ ሰው ያለ መንግሥት ፈቃድ መሬት አይገዛም ይላል። ልብ በሉ፣ የተከለከለው የሌላ ግዛት ሰው ብቻ አይደለም። እዚያው ሂማቻል ተወልዶ፣ ሺምላ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር፣ የእርሻ መሬት ከሌለው እሱም አይገዛም። የግዛቱን የመጀመሪያ ዋና ሚኒስትር ዋይ ኤስ ፓርማርን ያስጨነቃቸው ነገር ግልጽ ነበር። የተራራው ገበሬ ድሃ ነው፣ የሜዳው ነጋዴ ገንዘብ አለው። ገበያው ክፍት ከሆነ ገበሬው ሸጦ፣ በልቶ፣ በገዛ ማሳው ላይ ዘበኛ ይሆናል። ክልከላውን ጥሶ የተገዛ መሬት ደግሞ ወደ መንግሥት ይዞታ ይገባል።

ይህን ስሰማ ያደግኩበት ነገር ነው የመሰለኝ። እኛ አገር በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ሁለቱም ሕጎች የተነሱት ከአንድ ስጋት ነው። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። የባንጃር ገበሬ የመሬቱ ባለቤት ራሱ ነው። ለሌላ ገበሬ መሸጥ ይችላል። ባንክ አስይዞ መበደር ይችላል። ያልተፈቀደለት ያለ መንግሥት ፈቃድ ገበሬ ላልሆነ ሰው ማስተላለፍ ነው። አባቴ የአረንጓዴ ደብተር ባለይዞታ ነው፤ ሊያወርሰኝና ሊያከራየው ይችላል፣ ሊሸጠው ግን አይችልም። ቻቻ ጂን ይህን ሳጫውታቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «አባትህ ታሞ ገንዘብ ቢያስፈልገውስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይዞታው ትንሽ ነው። በሂማቻል የአንድ ገበሬ መሬት በአማካይ አንድ ሄክታር አይሞላም፣ ያም ተቆራርጦ እርከን እርከን ላይ ተበትኗል። ሁለት እርከን ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እርከን ቦሎቄ፣ ከላይ ፖምና ፕሪም፣ ከቤቱ ጀርባ በቆሎና ገብስ። ወሰኑን የሚያውቀው ሽማግሌና ፓትዋሪ የሚባለው የመሬት መዝጋቢ ነው። ወንድማማቾች ሲከፋፈሉ እርከኑ ይከፈላል። የዋልነት ዛፉ ሳይቀር ይከፈላል፤ ይህ ቅርንጫፍ የእከሌ፣ ያ ቅርንጫፍ የእከሊት።

የእከሊት ያልኩት በምክንያት ነው። በ2005 የሕንድ የሂንዱዎች ውርስ ሕግ ሲሻሻል ሴት ልጅ ከወንድሞቿ እኩል ድርሻ አገኘች። በወረቀት ማለት ነው። በተግባር ብዙ እህቶች ድርሻቸውን ፈርመው ለወንድሞቻቸው ይተዋሉ። ለምን ብዬ የጓደኛዬን ታላቅ እህት ጠየቅኳት። ሌላ መንደር አግብታለች። «መሬቱን ከወሰድኩ የወላጆቼ ቤት በር ይዘጋብኛል» አለችኝ። «ባሌ ቢያስቸግረኝ የት እመለሳለሁ?» ይህ መልስ ከብዙ የሕግ ክርክር በላይ አሳምሞኛል። መሬትን ከውጭ ሰው የሚጠብቅ ሕግ የቤት ውስጡን ሚዛን አያስተካክልም። ለእህትየው ሌላ ዋስትና ቢኖራት፣ የራሷ ገቢ፣ የራሷ ክፍል ቢኖራት፣ አትፈርምም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሰው ሌላ ባለመሬትም አለ። አማልክቱ። እያንዳንዱ መንደር የራሱ ዴቭታ አለው፤ ባንጃር ላይ የበላዩ ሽሪንጋ ሪሺ ነው። ዴቭታው በሕንድ ሕግ መሬት በስሙ ሊኖረው ይችላል። ድሮ ሰፊ ማሳ ነበራቸው፣ ጭሰኞች ያርሱላቸው ነበር። የመሬት ማሻሻያው ሲመጣ ብዙው ለአራሹ ተሰጠ። ሥልጣናቸው ግን አልቀረም። መንገድ ሊቆረጥ ሲሆን፣ ዛፍ ሊወድቅ ሲሆን፣ መንደርተኛው ዴቭታውን ያስጠይቃል፤ በጉር፣ ማለትም በአፈ ቀላጤው በኩል መልስ ይሰጣል። በዳሳራ በዓል ጊዜም ዴቭታዎቹ በሰው ትከሻ ተይዘው፣ ከበሮና ረጅም የነሐስ ቀንድ እየተነፋላቸው በእግር ኩሉ ድረስ ይሄዳሉ። ከሩቁ መንደር የሚነሱት ቀናት ይፈጅባቸዋል።

ከመንደሮቹ በላይ ደግሞ ታላቁ የሂማላያ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1999 ፓርኩ በይፋ ሲጸድቅ መንደሮቹ እዚያ ማሰማራትና ሥራ ሥር መልቀም ተከለከሉ። ካሣ ተከፈለ፣ ግን ካሣው አንድ ጊዜ ነው፣ የተራራው ሣር ግን በየዓመቱ ይበቅል ነበር። በ2014 ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለሸለቆው ስም አመጣ፣ እንግዳም አመጣ። የበግ እረኛ የነበረ ሰው ዛሬ ጎብኚ መሪ ነው። አንዳንዱ ደስተኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በጸደይ ጉቺ የሚባለውን ውድ እንጉዳይ ፍለጋ እንደ ድሮው ደን ውስጥ ይውላል።

እንግዳው ከበዛ በኋላ ነው አንቀጽ 118 መፈተን የጀመረው። መሬት መግዛት ያልቻለ ሰው ቤት ይከራያል። የከተማ ሰው ይመጣና አሮጌውን ቤት ለዓመታት በኮንትራት ይይዛል። ያድሰዋል፣ አምፖል ይሰቅልበታል፣ ጌስት ሃውስ ያደርገዋል። አንዳንዱ በመንደርተኛ ስም ይገዛል፣ ወረቀቱ ላይ ባለቤቱ ገበሬ ነው፣ ገንዘቡ ግን የሌላ ነው። ሕጉ አልተሻረም። የቤቱ ልጅ ግን በአባቱ ቤት አልጋ አንጣፊ ሆኗል። ፓርማር የፈሩት በበሩ ባይገባም በመስኮቱ እየገባ ነው። ጂቢ ላይ ይህ በደንብ ይታያል። ከጉሻይኒ በላይ ገና ነው።

እኔ አቋሜን አልደብቅም። ሕጉ መቆየት አለበት፣ ኮንትራቱም በዓመት ተገድቦ በግልጽ መመዝገብ አለበት እላለሁ። ለጎብኚም የምለው አለኝ። ቦታ ከመያዝህ በፊት «ባለቤቱ ማነው? እዚያው ይኖራል?» ብለህ ጠይቅ። ከ2008 ጀምሮ ሂማቻል ውስጥ ገበሬ የገዛ ቤቱን ክፍል አስመዝግቦ እንግዳ የሚቀበልበት አሠራር አለ። እንዲህ ያለ ቤት ስታድር የከፈልከው ገንዘብ እዚያው መንደር ያድራል። በሐምሌና በነሐሴ አትሂድ፣ ዝናቡ ተራራውን ያፈርሰዋል፤ በሐምሌ 2023 ቢያስና ገባሮቹ ያደረሱት ጥፋት አይረሳም። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ጥቅምት ጥሩ ናቸው።

ቻቻ ጂ ቤትም ጥያቄው መጥቷል። አንድ የዴልሂ ሰው አሮጌውን ቤት ለአሥር ዓመት ልከራየው አለ። ዋጋው ከብዙ ዓመት የፖም ሽያጭ ይበልጣል። ቤተሰቡ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጦ ሲከራከር እኔም ነበርኩ። ታናሽ ወንድማቸው ሺምላ ነው የሚሠራው፤ ይከራይ አለ። የልጁ የኮሌጅ ክፍያ አለበት። እናትየው፣ «ላሞቹስ የት ይደሩ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ጓደኛዬ፣ ሥራውን ትቶ ተመልሶ ነበር፣ ሁለት ክፍል ራሴ አዘጋጅቼ እንግዳ ልቀበል አለ።

ለጊዜው የእሱ ሐሳብ አሸነፈ። ሁለቱ ክፍሎች ተዘጋጅተዋል፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ እራት ከኪራዩ ጋር ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አጎትየው አሁንም አልተዋጠላቸውም። ድርሻዬ ነው፣ ልጄስ ይላሉ፣ ስሌታቸውም ልክ ነው። ዘንድሮ ፖሙ ከተሸጠ በኋላ እንደገና ሊነጋገሩበት ቀጠሮ ይዘዋል።